ቁልፉ በማን ስም ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ የቁልፍ ነገር ነው። ብረት ያልነካው፣ በኪስ የማይያዝ፣ ዓይን አይቶት የማያውቅ ቁልፍ። አንድሮይድ ሞባይል ያለው ሰው ሁሉ ግን ሳያውቀው ይዞት ይዞራል። አንድሮይድ ከላይ ያለው ጌጡ ሲገፈፍ ከሥሩ የሚገኘው ሊኑክስ ነው፤ የሊኑክስ እምብርት ከርነሉ ነው፤ ቁልፉም እዚያ ነው የሚጠበቀው። ሙዚቃ ስትሰሙ፣ ፎቶ ስታነሱ፣ ቴሌግራም ስትከፍቱ፣ እሱ ይቆለፋል ይከፈታል፣ ይቆለፋል ይከፈታል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ማርስ ላይ ነው። ሳቅ አይያዛችሁ፤ እውነቴን ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የምትባለው የናሳ መንኮራኩር በአየር በተነፉ ከረጢቶች ተጠቅልላ ወረደችና ማርስ መሬት ላይ ነጥራ ነጥራ አረፈች። ከሆዷም ሶጆርነር የተባለችውን፣ አሥር ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝነውን ትንሽ ተሽከርካሪ አወጣች። ዓለም ጉድ አለ፤ ፎቶው ጋዜጣውን ሁሉ ሞላው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ የአየር ጠባይ መለካቱ ሥራ ሲጀመር፣ የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር በድንገት ራሱን አጥፍቶ መነሣት ጀመረ። የተሰበሰበው መረጃ አይጠፋም፤ የዕለቱ ቀሪ ሥራ ግን ለነገ ያድራል። በሌላ ቀን ደግሞ ያው።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ቪኤክስወርክስ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበር። ሥራዎቹ ሁሉ ማዕረግ አላቸው፤ ማዕረጉ የላቀው ሲነሣ ማዕረጉ ዝቅ ያለው ፕሮሰሰሩን ይለቅለታል። ለኛ ወግ የሚያስፈልጉን ሦስቱ ናቸው። ላይኛው የመንኮራኩሯን የመረጃ ማመላለሻ መስመር የሚያስተዳድረው ነው። ታችኛው የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ነው። በመካከል ደግሞ ረጅም ሥራ የሚሠራው፣ የግንኙነቱ ጉዳይ ኃላፊ አለ። ላይኛውና ታችኛው የሚጋሩት ነገር አለና ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩት በቁልፍ ይጠበቃል።

አሁን ታችኛው ቁልፉን ያዘ። ላይኛው መጣ፤ ተይዟልና ቆሞ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ያለ ነው፤ ታችኛው በቅጽበት ጨርሶ ይለቀዋል። በዚያችው ቅጽበት ግን መካከለኛው ተነሣ። ከታችኛው ይበልጣልና ፕሮሰሰሩን ወሰደበት። ታችኛው ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ላይኛው ቁልፉ ደጃፍ ቆመ። መካከለኛው ብቻ፣ ከቁልፉ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው፣ እንደ ልቡ ይሠራል። ከዚያ የሥራውን ሰዓት የሚቆጣጠረው ዘዴ «ላይኛው በጊዜው አልጨረሰም፤ አንድ ነገር ሆኗል» ይልና ሁሉንም አጥፍቶ ያስነሣል።

ፓሳዴና፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ መሐንዲሶች የመንኮራኩሯን ቅጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ አቁመው ያንኑ ስህተት ለማስደገም ደከሙ። ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሄደው አንድ መሐንዲስ ብቻውን በቀረበት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ቅጂዋ ልክ እንደ ማርሷ ወደቀች። እያንዳንዱ እርምጃ ይመዘገብ ስለነበር ምስጢሩ ወጣ። መድኃኒቱም ሩቅ አልነበረም፤ ከርነሉ ውስጥ ቀድሞውኑ ተሠርቶ ተቀምጧል። የሚያበራው ሰው ነው የጠፋው። ማብሪያውን የሚቀይር አጭር ማስተካከያ በሬዲዮ ተላከ፤ ያኔ ምልክቱ ማርስ ለመድረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። መንኮራኩሯም ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር አልወደቀችም።

መድኃኒቱ ቅድሚያ ማውረስ ነው። ሉዊ ሻ፣ ራጉናታን ራጅኩማርና ጆን ሌሆዝኪ በ1990 ባሳተሙት ጥናት በወጉ ያስቀመጡት ነው። ባለ ከፍተኛ ማዕረግ ቁልፍ ፈልጎ ከቆመ፣ ቁልፉን የያዘው፣ ምንም ትንሽ ቢሆን፣ እስኪለቀው ድረስ የትልቁን ማዕረግ ይዋሳል። መካከለኛው ሊቀማው አይችልም፤ ቶሎ ጨርሶ ይለቃል፤ ማዕረጉንም ይመልሳል። በ1997 ዲሴምበር ሳንፍራንሲስኮ ላይ በተደረገ የሙያ ጉባኤ የማርሱ ታሪክ ሲተረክ፣ ሦስቱም ምሁራን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡና እንያችሁ ተባሉ። የራስን ቀመር ማርስ ላይ ሲሠራ መስማት መቼም ለጥቂት ሰው የሚደርስ ዕድል ነው።

ይህን የማርስ ወሬ ብዙ ሰው ያወራዋል፤ እኔም ያነሣሁት ለጨዋታ ማሟሻ አይደለም። በመድኃኒቱ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ጥያቄ ስላለች ነው። ማዕረግ ለማዋስ፣ የሚዋሰውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፉን የያዘው ማን ነው? በማን ስም ነው? በፓዝፋይንደር ላይ ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። ቁልፉ ያለው ከርነሉ እጅ ላይ ነው፤ የያዘውን ስም የሚጽፈውም ከርነሉ ራሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም፤ የኔም ወግ ገና አሁን ነው የሚጀምረው።

በ2002 ኦታዋ፣ ካናዳ ውስጥ በተደረገ የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ሁበርተስ ፍራንኬ፣ ረስቲ ራስልና ማቲው ከርክዉድ ፊውቴክስ የሚባል ነገር ይዘው ቀረቡ። ሐሳባቸው ብልህ ነው። ፕሮግራም ከርነሉን በጠራ ቁጥር ጊዜ ይባክናል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቁልፉ ነፃ ነው፤ የሚፎካከርበት የለም። ታዲያ ነፃ ለሆነ ቁልፍ ከርነሉን ምን ያስቸግረዋል? ቁልፉ በፕሮግራሙ በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ፤ 32 ቢት የሆነች አንዲት ቁጥር ትሁን። ነፃ ከሆነች ፕሮግራሙ ራሱ ይያዛት። ተይዛ ካገኛት ብቻ ከርነሉን «አስተኛኝ፤ ሲለቀቅ ቀስቅሰኝ» ይበለው።

አንድ ግቢ አስቡ። በግቢው ውስጥ አንድ የጋራ ክፍል አለ፤ በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሚገባ ሰው ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ምልክት ያደርግና ይገባል፤ ዘበኛውን አይጠራም። ምልክት ካገኘ ብቻ ወደ ዘበኛው ሄዶ ወረፋ ይይዛል። ዘበኛው የሚያውቀው ሊጠብቁ የመጡትን ነው፤ ማን ውስጥ እንዳለ አያውቅም፣ ማወቅም አልተጠየቀም። ፊውቴክስ ይህ ነው። ፈጣን ነው፤ ዛሬ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ቁልፍ ሲቆልፍ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ በኩል ያልፋል።

ከዚያ ድምፅ የሚቀዱ፣ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ፣ መዘግየት የማይፈቀድላቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩ ሰዎች መጡና «የማርሱን መድኃኒት ለኛም ስጡን» አሉ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለዚህ ፊት አልሰጠም። 2005 ላይ፣ ቅድሚያ ማውረስ የሚያስፈልገው ሲስተም ካለ ቀድሞውኑ የተበላሸ ነው የሚል አቋሙን፣ ወዳጅ ወዳጁን ከዚህ ነገር ይጠብቃል እስከማለት ድረስ በግልጽ ተናግሮ ነበር። ሀንጋሪያዊው ኢንጎ ሞልናርና ጀርመናዊው ቶማስ ግላይክስነር ግን አልተዉትም። 2006 ላይ፣ በ2.6.18 ከርነል፣ ቅድሚያ የሚያወርስ ፊውቴክስ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ስም የመጣው። ሰሌዳው ላይ ከእንግዲህ ዝም ብሎ ምልክት ማድረግ አይበቃም፤ የያዘው ትሬድ፣ ማለትም የፕሮግራሙ አንዱ የሥራ ክር፣ መለያ ቁጥሩን ይጽፋል። ዜሮ ከሆነ ነፃ ነው። ቁጥር ካለ ባለቤቱ እሱ ነው። የላይኛዋ ቢት ከበራች «የሚጠብቅ ሰው አለ» ማለት ናት፤ ከሷ ቀጥላ ያለችው ደግሞ «ባለቤቱ እንደያዘ ሞቷል» ማለት ናት። ወረፋ ሲፈጠር ዘበኛው ሰሌዳውን አንብቦ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፋል፦ ክፍሉን የያዘው እገሌ፣ የሚጠብቁት እነ እገሌ፣ የተዋሰው ማዕረግ ይህን ያህል።

አያችሁት? አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ቦታ የተጻፈ ባለቤት። አንዱ ከርነሉ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ማንም አይደርስበትም። ሌላው ሰሌዳው ላይ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ የፕሮግራሙ ሜሞሪ ነውና ፕሮግራሙ የፈለገውን ይጽፍበታል፣ የፈለገውን ያጠፋበታል። ጨዋ ፕሮግራም አያደርገውም። ከርነል ግን በጨዋነት ላይ ተማምኖ አያድርም፤ አይገባውም።

2009 ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ገባ። ብዙ ትሬዶች አንድ ዜና የሚጠብቁበት ተራ ወረፋ አለ እንበል። ዜናው ሲመጣ ሁሉንም ቀስቅሶ በአንድ ቁልፍ ላይ ከማራኮት፣ ከተራው ወረፋ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ባለስሙ ቁልፍ ወረፋ ማዛወር ይሻላል ተባለ። ሥራውን ዳረን ሃርት ሠራው። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ዝውውር ከተራው ወደ ባለስሙ ብቻ። ሕጉ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነበረ። ኮዱ ውስጥ ግን የሚያስከብረው መስመር አልነበረም።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ፒንኪ ፓይ የሚባል ሰው አለ። ስሙ የካርቱን ፈረስ ስም ነው፤ ማንነቱን አይገልጽም። 2012 ላይ ጉግል ባዘጋጀው ውድድር የክሮምን አሳሽ ሁለት ጊዜ ሰብሮ፣ በእያንዳንዱ 60,000 ዶላር የተሸለመ ነው። ይህ ሰው በ2014 የፊውቴክስን ኮድ ገልጦ ተመለከተ። ያገኘውን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ እዚህ ጋ የሚሮጥ ሰው ይስታል።

አንድ ትሬድ አለ፤ ሀ እንበለው። በተራው ወረፋ ቆሞ «ሲደርስ ወደ ባለስሙ ቁልፍ አዛውሩኝ» ብሎ ተኝቷል። ባለስሙን ቁልፍ የያዘው ለ ነው። ዝውውሩ ይታዘዛል። ቁልፉ በለ እጅ ነውና ከርነሉ ሀን በባለስሙ ወረፋ ላይ ያስገባዋል። የሀ የወረፋ ወረቀት የት ነው የተጻፈው? በሀ በራሱ የከርነል ስታክ ላይ። ስታክ ማለት ትሬዱ ከርነል ውስጥ ሳለ የሚሠራባት ጠባብ የጊዜያዊ ቦታ ናት፤ ሥራው ሲያልቅ ቦታዋ ለሚቀጥለው ሥራ ትውላለች። ሀ እስካልተነሣ ድረስ ችግር የለም፤ ወረቀቱም በቦታው አለ። ሲነሣ ደግሞ ወረቀቱን ከወረፋው ላይ አንሥቶ ነው የሚሄደው።

አሁን ተንኮሉ። ፕሮግራሙ ሰሌዳውን ያጠፋል፤ ዜሮ ይጽፍበታል። የገዛ ሜሞሪው ነውና የሚከለክለው የለም። ቀጥሎ ከርነሉን ይጠራና «ከዚህ ወረፋ ወደዚሁ ወረፋ አዛውርልኝ» ይለዋል፤ ከባለስሙ ቁልፍ ወደዚያው ወደ ባለስሙ ቁልፍ። ለሰው ጆሮ እብደት ነው። ከርነሉ ግን አልሳቀም፤ ሰሌዳውን አየ፤ ዜሮ ነው። «ኦ፣ ነፃ ነው!» አለና የሀን ስም ጽፎ ሀን ቀሰቀሰው፦ ሳትጠብቅ ደርሶሃል፣ ሂድ።

ሀ ተነሣ። ሳይጠብቅ እንደደረሰው ተነግሮታልና የሚያነሣው ወረቀት ያለ አልመሰለውም። ወረቀቱን ወረፋው ላይ ትቶ ሄደ። ከስታኩ ወጣ፤ ቦታዋ ለሌላ ሥራ ዋለች። የከርነሉ መዝገብ ግን እስካሁን «ሀ እዚያ ተቀምጧል» እያለ ወደ ባዶ ቦታ ይጠቁማል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጥበብ ነው፦ ሀ በሌላ ጥሪ ተመልሶ ከርነል ውስጥ ይገባና፣ ስታኩ ላይ ልክ በዚያች ቦታ የራሱን ጽሑፍ ያሳርፋል። ከርነሉ በሚቀጥለው ጊዜ ወረፋውን ሲያስተካክል፣ የራሱ ወረቀት መስሎት የአጥቂውን ወረቀት ያነባል፤ አጥቂው ባመለከተው ቦታም ይጽፋል። ከአንዲት የተሳሳተ መጻፊያ ተነሥቶ የመላው ማሽን ጌታ እስከመሆን ያለው መንገድ አጭር ነው። ከርነሉ የተጠቃሚውን ሜሞሪ ከራሱ የሚለይባት ድንበር በአንድ ቁጥር ተጽፋ ነበር፤ እሷን መግፋት በቂ ነው።

ዜናው ይፋ የሆነው ጁን 5 ቀን 2014 ነው። ሲቪኢ-2014-3153 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ይፋዊው መግለጫ ጥፋቱን በአንዲት ነገር ላይ ያሳርፈዋል፦ ሁለቱ አድራሻዎች የተለያዩ መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ በቃ። እውነት ነው፤ የመጀመሪያው ፓች፣ ማለትም የኮድ እርማት፣ ይህንኑ ነው የሚያረጋግጠው፤ አድራሻዎቹ አንድ ከሆኑ «ስህተት ቁጥር 22» ብሎ ይመልሳል፤ የማይሆን ጥያቄ ጠየቅህ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን በዚህ መግለጫ አልስማማም። አድራሻ አለማነጻጸር በሩ ነበር እንጂ ቤቱን ያስዘረፈው ሌላ ነው። ከርነሉ ባለቤቱን ለማወቅ ማንም የሚያጠፋውን ሰሌዳ አምኖ የራሱን መዝገብ ሳይገልጥ ቀረ። ጥፋቱ ይህ ነው።

ለግላይክስነርም የገባው እንዲሁ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ፓች አልቆመም። የቀሩት ሦስቱ ፓቾች ሁሉም ስለ ባለቤትነት ናቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ሰሌዳው ዜሮ ቢሆንም፣ በመዝገቡ ላይ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ቁልፉን ለማንም አትስጥ። ሰሌዳው ዋሽቷል። ነገሩ አንዴ ተበላሽቷልና ለማጽዳት መድከም አያስፈልግም፤ ከእንግዲህ የሚጠራው ሁሉ ስህተት ይመለስለት፤ የራሱ ጣጣ ነው የሚል ዓይነት ማስታወሻም ተጽፎበታል። ጀርመናዊ ቁጣ ነው፤ ደስ ይላል። ሌላው ፓች ቁልፍ በሚለቀቅበት ጊዜ ያለውን ዝርክርክነት ያስተካክላል። ቀድሞ፣ «ባለቤቱ ሞቷል» የምትለዋ ቢት በርታ ከተገኘች፣ የለቃቂው ስም ሰሌዳው ላይ እንዳለ ይቀር ነበር፤ ባለቤትነቱ በመዝገቡ ወደ ሌላ ከተላለፈ በኋላም እንኳ። ከእንግዲህ ያለ ምንም ሰበብ ይጥፋ ተባለ።

አራተኛውን ግን ወድጄዋለሁ፤ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ሰውዬው ሌላ «ካልሆነ፣ ከሆነ» ጨምሮ ከማለፍ ይልቅ ቁጭ ብሎ ሰንጠረዥ አወጣ። ሰሌዳው ላይ ሊጻፍ የሚችለው ምንድን ነው? መዝገቡ ላይ ሊጻፍ የሚችለውስ? ሁለቱ ሲገናኙ ስንት ዓይነት ሁኔታ ይወጣል? አሥር ወጣው። አሥሩን ቁጥር ሰጥቶ በኮዱ ውስጥ አስተያየት አድርጎ ጻፋቸው፤ በእያንዳንዱ ፊትም ፍርዱን አሰፈረ፦ አምስቱ ትክክል፣ አምስቱ ስህተት።

ጥቂቱን እንይ። መዝገቡ ባዶ ከሆነ፣ ወረፋ የለምና ሰሌዳውን ማመን ይቻላል፤ ትክክል። ስምንተኛው፦ መዝገቡ የሚለው ስምና ሰሌዳው የሚለው ስም አንድ ናቸው፤ ትክክል፣ ይህ የሰላሙ ጊዜ ነው። አሥረኛው፦ መዝገቡ አንድ ሰው ይላል፣ ሰሌዳው ሌላ ሰው፤ ስህተት። ዘጠነኛው፦ መዝገቡ ባለቤት አለው፣ ሰሌዳው ዜሮ ነው፣ የሞት ምልክትም የለም፤ ስህተት። ይችን ዘጠነኛዋን ያዙልኝ፤ የፒንኪ ፓይ ሰሌዳ የቆመው በሷ ላይ ነበር። ስድስተኛው ደግሞ ከዘጠነኛው ጋር መንትያ ይመስላል፤ መዝገቡ ባለቤት አለው፣ ሰሌዳው ዜሮ ነው፣ ግን የሞት ምልክቱ በርቷል። ይህ ትክክል ነው! ባለቤቱ እየሞተ ባለበት፣ ሰሌዳው ተጠርጎ መዝገቡ ገና ባልተዘጋበት ጠባብ ሰዓት እንዲህ ይሆናል። በአንዲት ቢት ልዩነት አንዱ ሐቀኛ ሟች፣ ሌላው ሌባ። የቀድሞው ኮድ እነዚህን በቅጡ ሳይለይ ነበር የሚያልፋቸው። ማስተካከያው በጁን 8 በወጣው 3.15 ከርነል ውስጥ ነበረ፤ ለቆዩት ቅጂዎችም ተላለፈ።

ከርነሉ ተፈወሰ። ስልኩስ?

ስህተቱ ይፋ በሆነ ልክ በአሥረኛው ቀን፣ ጁን 15፣ ጆርጅ ሆትዝ ታወልሩት የሚባል መተግበሪያ ለቀቀ። ሆትዝ በአሥራ ሰባት ዓመቱ አይፎንን ከኦፕሬተሩ ቁልፍ ያላቀቀ፣ ኋላም ፕሌይስቴሽን 3ን የሰበረ ልጅ ነው። በቬራይዘንና በኤቲ ኤንድ ቲ የሚሸጠውን ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ5 ሩት ማድረግ፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣኑን መያዝ፣ ለቻለ ሰው ባለቤቶቹ እርስ በርስ አዋጥተው ወደ 18,000 ዶላር ቃል ገብተው ይጠብቁ ነበር። ሆትዝ ያንኑ የፊውቴክስ ስህተት ወሰደ፤ መተግበሪያውን ከፍቶ አንዴ መንካት ብቻ፤ ስልኩ ለባለቤቱ ተገዛ። በዚህ በኩል ሲታይ ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ስልክ ማዘዝ ያልቻለ ሰው ነፃ ወጣ ማለት ነው፤ ብዙዎች አጨበጨቡ። እኔም ግማሽ እጄን አጨበጭባለሁ።

ሌላኛው ግማሽ እጄ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የሊኑክስ ሰዎች ኮዱን ቢያርሙም፣ እርማቱ ስልክ ላይ እንዲደርስ አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር ሠርቶ መላክ አለበት። ለአሮጌ ስልክ ማን ይልካል? ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ኤፕሪል 2016፣ ብሉ ኮት የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንድ አሮጌ አንድሮይድ 4 የጫነ ታብሌት ድረ ገጽ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ስላየ ብቻ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ሲጠለፍ ተመለከተ። ታብሌቱ ፖሊስ ነኝ በሚል ማስፈራሪያ ተቆለፈ፤ ማስለቀቂያውም 200 ዶላር በአይቱንስ የስጦታ ካርድ። ውስጡ ሲፈተሽ የተገኘው ታወልሩት ነው። ያው የጠፋ ሰሌዳ፣ ያው ሳይነሣ የቀረ ወረቀት።

ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር፤ ግን የሁለት መዝገብ ነገር አያልቅም። ጃንዋሪ 2021 ላይ እንደገና፣ በዚያው ፋይል፣ በዚያው ጉዳይ፣ ሲቪኢ-2021-3347 የተባለ ስህተት ወጣ። አሁን ተንኮሉ ሰሌዳውን ማጥፋት አልነበረም። ከርነሉ ቁልፉን ለአዲስ ባለቤት አስተላልፎ ስሙን ሰሌዳው ላይ ሊጽፍ ሲሄድ፣ ሰሌዳው የለም። የተሰቀለበት የሜሞሪ ገጽ ተነሥቷል። መጻፍ ያቃተው ከርነል ሥራውን በመካከል ጥሎ ተመለሰ፤ በዚያች ጊዜ የራሱም መዝገብ ስለ ባለቤቱ የሚለውና እውነተኛው ባለቤት ተለያይተው ቀሩ። ሰሌዳ ስለጠፋ መዝገብ አብሮ ተበላሸ። ወረቀቱም እንደ ቀድሞው በባዶ ስታክ ላይ ቀረ።

ያረመውም ራሱ ግላይክስነር ነው፤ እርማቱ በ5.10.12 ከርነል ወጣ። መንፈሱ ከ2014ቱ ሰንጠረዥ ጋር አንድ ነው፦ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ካልተቻለ ይቅር፤ እዚያ ያለው ስም የቆየ ቢሆን፣ የተሳሳተ ቢሆን፣ የፕሮግራሙ ችግር ነው። የከርነሉ መዝገብ ግን ቁልፉን በእውነት ከያዘው ጋር ይስተካከል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስህተቱ ለጠሪው ይመለስ። ባለቤቱን መዝገብ ላይ የሚቀይረው ሥራም እዚህም እዚያም ተበትኖ የነበረው ተሰብስቦ በአንድ ትንሽ ፈንክሽን ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሊነስ። ቅድሚያ ማውረስን ያን ያህል የጠላው ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ነበር አልልም። ባለቤትን መከታተል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከላይ የሰማችሁት ነው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ተራው ፊውቴክስ ላይ የለም። ነገር ግን ሴፕቴምበር 2024 ቪየና ውስጥ ግላይክስነር አንድ ጥቅል ይዞ ወደ ሊነስ ቀረበ። በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በወረቀት የታተመ የውህደት ጥያቄ ነው። ጊዜ የማይሰጣቸው ሥራዎች የሚሠሩበት የሊኑክስ ዓይነት፣ ሃያ ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጭ ሲንከባከቡት የኖሩት፣ ወደ ቤቱ ይግባ የሚል። ሊነስ ተቀበለው፤ በ6.12 ከርነል ገባ። ይህ ምርጫ ሲበራ ከርነሉ የገዛ ራሱን ዕቃ የሚጠብቅባቸው ስፒንሎኮች አብዛኞቹ ተለውጠው፣ ባለቤታቸው በስም የሚታወቅ፣ ማዕረግም የሚያዋሱ ቁልፎች ይሆናሉ። ልዩነቱ፣ በእነዚህ ላይ የተጠቃሚ ሰሌዳ የለም፤ ስሙን የሚጽፈውም የሚያጠፋውም ከርነሉ ብቻ ነው፤ እንደ ፓዝፋይንደሩ።